በሩን የሚከፍተው ማን ነው?
በጅዳና በመካ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ጥበቃና የፖሊስ ሥራ፣ ለእኛ ለቤት ሠራተኞች

 

ከእናንተ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «የምሠራው የዩኒቨርሲቲ መምህራን በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ቀንና ሌሊት ይቆማል። እሱ ፖሊስ ነው? አንድ ነገር ቢደርስብኝ ልንገረው?» የሚል ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ መልሱን አለማወቅ ግን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከአንዲት እህታችን ታሪክ ተምረናል። በእሷ እንጀምር።

እህታችን ከጎጃም የመጣች ናት። ስሟንም የሠራችበትንም ግቢ አንጠቅስም። ስምንት ወር ሙሉ ደሞዝ አልተከፈላትም ነበር። አንድ ምሽት ማዳም በጫማ መታቻት። ልጆቹ እስኪተኙ ጠበቀችና ዓባያዋን ለብሳ፣ አንዲት ፌስታል ይዛ ወደ ግቢው በር ሄደች። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ወንበር ሰጣት፤ ውሃም ሰጣት። «ምን ሆነሻል?» ሲላት እያለቀሰች «ማዓሽ ማፊ» አለችው፤ ደሞዝ የለም ማለቷ ነው። የቤቱን ቁጥር ጠየቃት፤ ነገረችው። መዝገቡ ላይ ጻፈና ስልክ ደወለ። እሷም ፖሊስ የጠራላት መስሏት አመሰገነችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የመጣው ግን የባባ መኪና ነበር።

እህታችንን እስከ ዛሬ የሚገርማት ጥበቃው ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ክፉ አልነበረም፤ የታዘዘውን ሠራ። የታዘዘውን ምን እንደሆነ ደግሞ እሷ አታውቅም ነበር።

ዘበኛው ሌላ፣ ፖሊሱ ሌላ

በሳዑዲ ዓረቢያ ዩኒቨርሲቲዎች በር ላይ የሚቆመው ሰው የግቢ ጥበቃ ነው። የሚታዘዘው ለዩኒቨርሲቲው የጥበቃና ደኅንነት ክፍል ነው፤ ወይም ዩኒቨርሲቲው በኮንትራት ካሠራው የጥበቃ ድርጅት የመጣ ነው። ሥራው መታወቂያ ማየት፣ የመኪና ፈቃድ ማጣራት፣ የሚገባና የሚወጣውን መመዝገብ፣ እሳት ወይም ጠብ ሲነሳ ለአለቆቹና ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ ነው። በሴት ተማሪዎች ግቢ ይህንኑ ሥራ ሴት ጥበቃዎች ይሠራሉ። ጥበቃ እጅ ከፍንጅ የያዘውን ሰው ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል እንጂ እሱ ራሱ አይመረምርም፣ አያስርም፣ አይፈርድም።

ፖሊስ፣ እኛ በተለምዶ ሹርጣ የምንለው፣ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለ የመንግሥት ኃይል ነው። መንገድ ላይ የሚዘዋወሩት ደውሪያዎችና ትራፊኮችም በዚሁ ሚኒስቴር ሥር ናቸው። የእሳት አደጋና የነፍስ አድን ሥራ የሲቪል መከላከያው ነው፤ ኢቃማና ፓስፖርት የሚመለከተው ደግሞ ጀዋዛት ነው። ወንጀል የተባለ ነገር ከፖሊስ ቀጥሎ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።

ልዩነቱ ለእኛ ይህ ነው። የግቢ ጥበቃ ሠራተኛዋን የሚያውቃት «የቤት ቁጥር ይህን ያህል ሠራተኛ» ብሎ ነው። ችግር ስትነግረው መጀመሪያ የሚደውለው ለቤቱ ባለቤት ነው፤ የተሰጠው ስልክ እሱ ነውና። ፖሊስ ግን የወንጀል አቤቱታ ሲደርሰው የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ጥበቃው ፊት ስንቆም የምንናገረው የመጀመሪያ ቃል መንገዳችንን ይወስናል። «ደሞዝ የለም» ሲባል የቤተሰብ ጭቅጭቅ ሆኖ ይሰማዋል። «ደረበትኒ፤ አብጋ ሹርጣ» (መታችኝ፤ ፖሊስ እፈልጋለሁ) ሲባል ግን ነገሩ ከእሱ ሥልጣን በላይ እንደሆነ ይገባዋል።

ሦስት ግቢዎች

በእኛ አካባቢ ያሉት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የጅዳው የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1967 በከተማው ታዋቂ ሰዎች ጥረት በግል ተከፍቶ በኋላ መንግሥት የተረከበው ነው። በከተማው መሐል እንደ ራሱ ከተማ ሆኖ የተዘረጋ ነው፤ ከግቢው ወጥቶ መንገድ የተሻገረ ሰው በቀጥታ ከጅዳ ፖሊስና ከደውሪያ እጅ ነው።

ከጅዳ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቱወል ባሕር ዳርቻ ላይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2009 የተከፈተው የንጉሥ ዓብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ነው። መምህራኑ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ናቸው፤ ከነቤተሰቦቻቸው የሚኖሩት እዚያው ነው። ግቢው የራሱ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ጥበቃና እሳት አደጋ አገልግሎት አለው። በአገሩ ሴት መኪና መንዳት እስከ ሰኔ 2018 ተከልክሎ ሳለ በዚያ ግቢ ውስጥ ሴቶች ይነዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ግቢ የምትሠሩ እህቶች መጀመሪያ የምታገኙት የግቢውን የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ስልኩ አጠገብ ወይም በር ላይ ስለሚለጠፍ በመጀመሪያው ሳምንት ፈልጋችሁ ያዙት።

ሦስተኛው የመካው ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ነው። መሠረቱ በ1949 የተከፈተ የሸሪዓ ኮሌጅ ሲሆን ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1981 ነው። የዚህ ግቢ ጥበቃ የሚጀምረው ከበሩ ሳይሆን ከአውራ ጎዳናው ነው ማለት ይቻላል፤ መካ ከተማ የሚገባው ሙስሊም ብቻ ነውና። ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን።

የተቆለፈ በር

እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2002 በመካ በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ጠዋት ላይ እሳት ተነሳ። ሕንፃው ተማሪ በጣም የተጨናነቀበት ሲሆን ተገቢ የአደጋ መውጫ አልነበረውም። የግቢው በር ተቆልፎ ነበር፤ ልጃገረዶቹ ደረጃው ላይና በሩ ላይ ተጨናነቁ። 15 ልጃገረዶች ሞቱ፤ በርካቶች ቆሰሉ። በዚያን ጊዜ የሳዑዲ ጋዜጦች ራሳቸው የሃይማኖት ፖሊሶች፣ ሙጠዋ የምንላቸው፣ ልጆቹ ሳይሸፋፈኑ እንዳይወጡና አዳኞች እንዳይገቡ ከልክለዋል ብለው ጻፉ። የመንግሥት ምርመራ ለሞቱ ምክንያት እነሱ አይደሉም ብሎ ደመደመ። ሆኖም የሴቶችን ትምህርት ይመራ የነበረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ተነሱ፤ መሥሪያ ቤቱም ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተቀላቀለ።

ይህን የምናነሳው ሐዘኑን ለመቀስቀስ አይደለም። በር የሚቆለፈው «ለደኅንነት» ተብሎ ነው። ከውስጥ ላለው ሰው ግን ደኅንነት የሚባለው መውጣት ሲያስፈልግ መውጣት መቻል ነው። ስንቶቻችን ነን ማዳም ስትወጣ ከውጭ የሚቆለፍብን? ቤተሰቡ ከከተማ ሲወጣ ብቻችንን ተቆልፎብን የምናድር ስንት ነን? ይህን ለማዳም ስትነግሩ በክስ መልክ አይሁን። «ቤቱ ቢቃጠል፣ ልጁ ከእኔ ጋር ቢሆን በየት እንወጣለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ልጇ ስትሉ የምትሰማ ብዙ እናት አለች። ሰው ቆልፎ ማስቀመጥ ግን በሕግም ያስጠይቃል። በሳዑዲ ዓረቢያ በ2009 የወጣው ሰውን የመነገድ ወንጀል ሕግ ሰውን በማስገደድና አቅመ ቢስነቱን በመጠቀም ጉልበቱን ለሚበዘብዝ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ደንግጓል።

ፖሊስን ለምን እንፈራለን?

ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከእኛ መካከል በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ የሚል ነበር። ነገሩ በውይይት ሳያልቅ ቀርቶ ከግቢ ወደ ከተማ ወጣ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ለብዙዎቻችን ዩኒፎርም ማለት ከዚያ ጀምሮ ከሩቅ ሲታይ መንገድ የሚያስቀይር ነገር ነው።

በጅዳም ያየነው አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘው ታሰሩ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ከወራት እስር በኋላ ወደ አገር ተመለሱ። በ2013 ኅዳር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የማስወጣት ዘመቻ ተጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በጅዳና በመካ መካከል ያለውን የሽሜሲን ተርሂል ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ በዚህ ከተማ አይገኝም።

የተለወጠም አለ። ሙጠዋዎች ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ሰውን የማሳደድና የመያዝ ሥልጣን የላቸውም። ያዩትን ለፖሊስ ማስታወቅ ብቻ ነው የሚችሉት።

እንግዲህ ፖሊስ ጋ መሄድ ሁልጊዜ ያዋጣል ብለን አንዋሻችሁም። ኢቃማዋ የታደሰና በአሠሪዋ ቤት ያለች ሴት ተመትታ ብትሄድ አቤት ባይ ናት። ከቤት ጠፍታ የወጣችና ሁሩብ የተመዘገበባት ግን አቤት ብትልም የመኖሪያ ሕግ ጥያቄ ይጠብቃታል፤ መጨረሻው ሽሜሲ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምክራችን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጠፍቶ፣ በኋላ አቤት ከማለት፣ ከመጥፋት በፊት አቤት ማለት ይሻላል። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ወረቀትሽን አትቁጠሪ፤ ነፍስሽን አድኝ።

911 ሲደወል

በመካ ክልል፣ ማለትም በመካ፣ በጅዳና በጣኢፍ፣ ፖሊስም፣ እሳት አደጋም፣ አምቡላንስም የሚጠሩት በአንድ ቁጥር ነው፦ 911። በሳዑዲ ዓረቢያ ይህ የተባበረ ማዕከል መጀመሪያ ሥራ የጀመረው በዚሁ ክልል ነው። ቀድሞ ለፖሊስ 999፣ ለእሳት አደጋ 998፣ ለአምቡላንስ 997 ይደወል እንደነበር የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ።

ስንደውል የሚያስቸግረን ሁለት ነገር ነው፤ ቋንቋና አድራሻ። ለቋንቋው ሦስት ቃል ይበቃል፤ ሹርጣ (ፖሊስ)፣ ሐሪቅ (እሳት)፣ ኢስዓፍ (አምቡላንስ)። መጀመሪያ ከሦስቱ አንዱን ተናገሩ፤ ከዚያ አድራሻውን። ረጅሙ ታሪክ በኋላ ይደርሳል።

አድራሻን በተመለከተ ብዙዎቻችን ለዓመታት የኖርንበትን ቤት ቁጥር አናውቅም። በየሕንፃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈች የብሔራዊ አድራሻ ሰሌዳ አለች፤ የሕንፃው ቁጥርና መንገዱ ተጽፎባታል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ሕንፃ አራት ፊደልና አራት ቁጥር ያለው አጭር አድራሻ አለው። ቆሻሻ ልትጥሉ ስትወጡ ሰሌዳዋን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትሠሩ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ የበሩን ቁጥርና የቪላውን ወይም የሕንፃውን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ሲጨንቅ የሚረሳው መጀመሪያ ይኸው ነውና ለጓደኛችሁም አስቀድማችሁ ላኩላት።

ጣቢያ ስንደርስ

የሳዑዲ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለማንም ሰው፣ ለውጭ አገር ሰውም ጭምር፣ የሚሰጠው ነገር አለ። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ሊነገረው፣ መያዙን ለሚፈልገው ሰው ሊያሳውቅ ይገባል። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ መርማሪ ያቀርባል ወይም ይለቃል። ሴትን የሚፈትሽ ሴት ብቻ ናት። በምርመራ ጊዜ ጠበቃ መያዝ ይፈቀዳል፤ ፍርድ ቤት ዓረብኛ ለማይችል አስተርጓሚ ያቀርባል። ጅዳ ያለው ቆንስላችን እንዲያውቅ መጠየቅም መብት ነው። ይህ ሁሉ በየጣቢያው እንደ ጽሑፉ ይፈጸማል አንልም። የማይጠየቅ መብት ግን ጭራሽ አይሰጥም።

ከልምድ ያየናቸውን አራት ነገሮች ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ከቤት ስትወጡ ከራሳችሁ ልብስና ወረቀት በቀር ምንም አትያዙ። የማዳም ስልክ፣ ወርቅ፣ የልጅ ታብሌት እጃችሁ ላይ ከተገኘ የደረሰባችሁ በደል ይረሳና «ሌባ» የሚለው ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ጣትም አታድርጉ። «ደሞዜን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ሊሆን ይችላል። «ማ አፍሃም፤ አብጋ ሙተርጂም» (አልገባኝም፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ) በሉ።

ሦስተኛ፣ የተመታችሁ ከሆነ ፖሊሱ ለሐኪም ቤት ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። የሐኪም ወረቀት ከዕንባ ይልቅ ይናገራል፤ የመታችው እጅ ቢክድም ወረቀቱ አይክድም።

አራተኛ፣ ፖሊስ ደሞዝ አያስከፍልም። ድብደባ፣ መቆለፍ፣ ማስፈራራት፣ ክብርን መድፈር የፖሊስ ጉዳይ ነው። የደሞዝ፣ የዕረፍትና የኮንትራት ክርክር ግን የሰው ኃይል ሚኒስቴር ጉዳይ ነው፤ ስልኩ 19911 ነው። በቤት ውስጥ ለሚፈጸም ጥቃት ደግሞ 1919 አለ። በ2023 ወጥቶ ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ10 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በሳምንት የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት አዟል፤ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝም ከልክሏል። በዚያው ዓመት ደሞዝን በባንክ በኩል የመክፈል ግዴታም ደረጃ በደረጃ ተጀምሯል። ደሞዝ በእጅ ብቻ የሚሰጣችሁ ካላችሁ ቢያንስ ቀኑንና ልኩን በደብተር መዝግቡ።

ወደ መካ ሲኬድ

ቃል በገባነው መሠረት ወደ መካ መንገድ እንመለስ። አንድ ጊዜ የጅዳ መምህር ወደ ኡሙል ቁራ ይዛወርና ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ይነሳል። ወይም ማዳም ዑምራ ስታደርግ «ልጁን የምትይዝልኝ የለችም፤ ነይ» ትላለች። ሠራተኛዋ ክርስቲያን ብትሆንስ?

ሕጉ ግልጽ ነው። መካ ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተከለከለች ናት፤ በመንገዱም ኬላ አለ። ችግሩ፣ ከእኛ መካከል ቪዛው እንዲወጣላት ደላላ ስሟን አስለውጧት የመጣች ብዙ ናት። ኢቃማዋ አንድ ይላል፣ ልቧ ሌላ። ኬላው ሊያሳልፋት ይችላል፤ ነገር ግን በኋላ ነገሩ ቢታወቅ ጣጣው የሷ ነው። አስገቢውም አይቀርለትም። በሐምሌ 2022 ሙስሊም ያልሆነ አንድ የውጭ አገር ጋዜጠኛን መካ ይዞ የገባ ሳዑዲያዊ ለዐቃቤ ሕግ መተላለፉን የመካ ፖሊስ አስታውቋል። ይህን ለማዳም ማስረዳት ይጠቅማል፤ «ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለባባም ችግር ነው» ማለት ነው። የሚነገረውም መኪናው ኬላ ሲደርስ ሳይሆን ጉዞው ገና ሲታሰብ ቤት ውስጥ ነው።

ሙስሊም እህቶቻችንም በሐጅ ወቅት ይህን አትርሱ። ሐጅ ሲቃረብ ኢቃማዋ ከመካ ያልወጣ ነዋሪ ያለ ፈቃድ ወደ ከተማዋ አይገባም። ለቤት ሠራተኛ የመግቢያ ፈቃዱን በአብሸር በኩል የሚያወጣው አሠሪው ነው። ፈቃዱ መውጣቱን በዓይናችሁ ሳታዩ መኪና ውስጥ አትግቡ።

እህታችን ሁለተኛ ስትሄድ

የዚያች እህታችን ታሪክ በዚያ ሌሊት አላበቃም። ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ ሌላ ሐበሻ በመስኮት በኩል አይታት ኖሮ በቀጣዩ ቀን ደረጃ ላይ ጠብቃ አናገረቻት። «ደሞዝ አትበይ። መታችኝ በይ፤ ፖሊስ እፈልጋለሁ በይ» አለቻት። ቃላቱን ወጥ እየሠራች፣ ልብስ እየተኮሰች አጠናቻቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማዳም እንደገና መታቻት። እሷም ወደዚያው በር ሄደች። በር ላይ የነበረው ያው ጥበቃ ነበር። መዝገቡን ሲያነሳ እጇን ዘርግታ ሰንበሩን አሳየችውና የተማረችውን ተናገረች፤ «ደረበትኒ፤ አብጋ ሹርጣ» አለችው። መዝገቡን አስቀመጠ። ትንሽ አሰበና አለቃውን ጠራ፤ አለቃው ደወለ። ደውሪያው መጣ።

ጣቢያው በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እስኪያገኝ ሦስት ሰዓት ጠበቀች። ሐኪም ቤት ወሰዷት። ባባም ተጠራ። ደሞዙ በሌላ መሥሪያ ቤት ሌላ ሁለት ወር ፈጀ፤ ከስምንቱ ወር የስድስቱን አግኝታ ወደ አገሯ ገባች። የሁለቱ ወር ቀረባት፤ ዛሬም ታነሳዋለች። «ያ ጥበቃ ግን» አለችን፣ «ፖሊሶቹ ሲወስዱኝ የረሳሁትን ፌስታሌን ሮጦ አመጣልኝ።»

ውድ እህቶቻችን፣ ጥበቃው በሩን መክፈት የሚችለው የሚከፍትበት ምክንያት ስንሰጠው ነው። ሦስቱን ቃላት ዛሬውኑ አጥኑ፤ የቤታችሁን አድራሻ ያዙ። ማንበብ ለማትችል ወይም ስልክ ለሌላት እህት ደግሞ በደረጃ ላይ፣ በጣራ ላይ ልብስ ስታሰጡ፣ በባቃላ በር ላይ ስትገናኙ ንገሯት። አንዷን ያዳናት ከጎረቤት የተማረችው ሁለት ቃል ነበርና።

ቸር ያሰማን።